የጤነኛ ጉሮሮ ልክ

እህቴ የጤነኛ ጉሮሮ ልክ ሆና የተመረጠችው ጉሮሮዋ ጤነኛ ስለሆነ አልነበረም። ቅርብ ስለነበረች ነው። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከቤተ ሙከራችን ሁለት ፌርማታ ብቻ ይርቃል፤ በዚያ ላይ "ነይ" ስላት "ለምን?" ብላ የማትጠይቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ይህን ከጅምሩ የምናገረው በኋላ ሳይንስ ምናምን እያልኩ ነገሩን እንዳላድበሰብሰው ነው።

ሥራዬ ሌንስ መሥራት ነው። ሌንስ ሲባል ለሰው የሚታየው ወፍራምና ጎበጥ ያለ መስታወት ነው። የእኛ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ አይወፍርም። የሚሰበስበውም ዐይን የሚያየውን ብርሃን ሳይሆን ከሰውነት የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ነው። ካሜራው ያንን ተቀብሎ የሞቀውን ቀይ፣ የቀዘቀዘውን ሰማያዊ አድርጎ ያሳያል። ለዚህ ሥራ የሚውለው የድሮው ሌንስ ከባድ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። የእኛ ቀጭን ከተሳካ ካሜራው ኪስ ውስጥ ይገባል። የጉሮሮ ሐኪሟን ያሳመንናትም በዚህ ነው።

ሐኪሟ አጠር ያለች፣ ቀልድ የማይገባት ሴት ናት። የምታክማቸው በድምፃቸው እንጀራ የሚበሉ ሰዎችን ነው፤ መምህራንን፣ ዘፋኞችን፣ አውቶቡስ ተራ ቆመው ሲጣሩ የሚውሉትን። "ድምፃቸው ሲሻክር ብርድ ነው ይላሉ፣ አቧራ ነው ይላሉ፤ እኔ ጋ ሲመጡ ጊዜው አልፏል" ትላለች። ሐሳባችን ቀላል ነበር። ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ሳይገባ የአንገቱን ፊት በካሜራችን እናነሳለን፤ ከሌላው ቦታ የሞቀ ነጥብ የታየበት ሰው ለዋናው ምርመራ ወደ እሷ ይላካል። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ሌላው ሁሉ የሚመዘንበት አንድ ጤነኛ አንገት ያስፈልገናል።

እህቴ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል እየሮጠች መጣች። እጅጌዋ ላይ ጠመኔ ነበር።

"ምን ላድርግ?" አለችኝ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ።

"ምንም። አገጭሽን ቀና አድርጊና ዝም በይ።"

"ዝም? እኔ?"

ተማሪዎቿ "ደወሏ" ነው የሚሏት። ሜዳው ወዲያ ማዶ ያለ ልጅ በስሙ ስትጠራው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እናታችን ሥራ ስትውል ያሳደገችኝም በዚያው ድምፅ ነው፤ በልጅነቴ ጎረቤት ሁሉ ምሳ መድረሱን የሚያውቀው እሷ እኔን ስትጣራ ነበር። በዚያን ቀን ግን ድምፁ ሻክሮ ነበር፤ ሁለት ወር ሆኖታል።

"እትዬ፣ ደወሉ ዝጓል" አልኳት።

"የጠመኔው አቧራ ነው። ሰባ ሁለት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አጭቀውብኝ በሹክሹክታ ላስተምር?"

ሳቅን። የጉሮሮ ጥናት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ድምፅዋ ሁለት ወር የሻከረ ሴት ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ሳቅሁ።

ምስሉ ወጣ። ከማንቁርቷ በስተግራ ምስር የምታህል ቀይ ነጥብ አለች፤ ከዙሪያዋ በግማሽ ዲግሪ ትሞቃለች። ቀጭን ሌንስ ሲሠራ እንከን አያጣውም፣ እንከኑም አንዳንዴ ልክ እንደዚህ ያለ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በእኛ ሙያ አንድ ደንብ አለ። ያልጠበቅከው ነጥብ ካየህ ሌንሱን ሩብ ዙር አዙረህ እንደገና ታነሳለህ። ነጥቡ አብሮ ከዞረ የሌንሱ ነው፤ ባለበት ከቀረ የሰውዬው ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

እጄን ሌንሱ የታሰረበት ቀለበት ላይ አደረግሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ሌንሶች ልክ እንዲህ ሳዞራቸው እጄ ላይ ተሰንጥቀዋል። ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሌላ የሚደርሰን ከአራት ወር በኋላ ነው።

"ቶሎ በላ፣ ክፍል አለኝ" አለች እህቴ።

እጄን አነሳሁ። የፈራሁት ለሌንሱ ነው። እሷን ሸኝቼ ተመለስኩና መዝገቡ ላይ ዐይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ሌንሱ ዞሯል። ነጥቡ አብሮ ዞሯል። የሌንስ እንከን።" ከዚያም ኮምፒውተሩን ያቺን ነጥብ ከዛሬ ጀምሮ ከሚነሳው ምስል ሁሉ ላይ ቀንስ አልኩት። ታዛዥ ነው፣ ቀነሰ።

አምስት ወር ሠራን። መቶ አርባ ሰው አነሳን። አንድ ጠዋት ሐኪሟ የታተሙ ምስሎች ታቅፋ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋቻቸው።

"ይሄ ምንድነው?"

እያንዳንዱ አንገት ላይ፣ ከማንቁርቱ በስተግራ፣ ምስር የምታህል ሰማያዊ ነጥብ አለች። የአስተማሪው ላይ፣ የዘፋኟ ላይ፣ የተራ አስከባሪው ላይ፣ ሁሉም ላይ አለች።

"ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ቦታ ላይ እንዴት ይቀዘቅዛል?" አለች።

 መልሱን ከመናገሬ በፊት አውቄዋለሁ፤ የእህቴን ሙቀት ከሁሉም አንገት ላይ ስቀንስ ነው የከረምኩት። ያን ቀንስ ያልኩትን ትእዛዝ አንስቼ ምስሎቹን ደግሜ አወጣኋቸው፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ከሁሉም ላይ ጠፋች። ከዚያ ተነስቼ ሌንሱን ሩብ ዙር አዞርኩት። አልተሰነጠቀም። ሥራው አሥር ሰከንድ አልፈጀም። ሌንሱ ንጹህ ነበር፤ ከመጀመሪያውም እንከን አልነበረበትም።

"የመጀመሪያዋ ማን ነበረች?" አለች ሐኪሟ።

"እህቴ።"

"ድምፅዋ እንዴት ነው?"

"ሻክሯል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

በጣቴ ቆጠርኩ። "ሰባት ወር።"

መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበችና ቀኑን ፈልጋ አነበበች። "አዙሬዋለሁ ይላል እዚህ።"

ዐይኗን ከመዝገቡ ወደ እኔ አነሳች።

"አላዞርከውም።"

"አላዞርኩትም።"

 መዝገቡን ዘግታ ቦርሳዋን አነሳች። "ዛሬውኑ አምጣት። በሽታውን እኔ እነግራታለሁ። ይሄን ግን የምትነግራት አንተ ነህ።"

ካንሰር ነበር። የድምፅ አውታሯን አልፎ ተስፋፍቷል። ኮሪደሩ ላይ ሐኪሟን ይዤ፣ ከአምስት ወር በፊት ብናገኘውስ ኖሮ ብዬ ጠየቅኋት፤ መልሱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። "ያኔ የጨረር ሕክምና ብቻ ይበቃት ይሆን ነበር። ድምፅዋም ይተርፍ ነበር" አለችኝ። አሁን ግን ማንቁርቱ እንዳለ ይወጣል። የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው። ቀዶ ሕክምናው ለሰኞ ተቀጠረ፤ ስምንት ቀን ቀርቶታል።

በእነዚያ ስምንት ቀናት እህቴ እኔን ስታመሰግን ሰነበተች። ለጠየቃት ሰው ሁሉ፣ ለርእሰ መምህሩ ሳይቀር፣ በዚያ በሻከረ ድምፅ "የወንድሜ ካሜራ ነው ያገኘው። እሱ ባይኖር ይሄኔም ጠመኔ ነው እያልኩ ነበር" ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰዎቹ ትሕትና ይመስላቸዋል። ማክሰኞ እነግራታለሁ አልኩ፤ ማክሰኞ እናታችን ነበረች። ዐርብ እነግራታለሁ አልኩ፤ ዐርብ ተማሪዎቿን ተሰናብታ ስትመለስ ፊቷን አይቼ ተውኩት። ሰበብ አላጣሁም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል አስተኟት። ጠያቂዎች ሄደው ከእሷ ጋር እኔ ብቻ ቀረሁ። በአጠገቧ ያሉት ሁለት ሕመምተኞች አልተኙም።

"አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል?" አለችኝ። "የሚቆረጠው የኔ አንገት ነው ወይስ ያንተ?"

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ምን?"

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ቢሻክርም ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሕመምተኞቹ ይሰማሉ፣ ነርሶቹ ይሰበሰባሉ፣ እኔ መግቢያ አጣለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ እህቴ እንዳትጮህብኝ ፈራሁ።

"ይሳካል ልልሽ ነው" አልኳት።

"ይሄን ለማለት ነው እንዲህ የሚያልብህ?" ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውሃ አቀበልኳት። ከዚያ በኋላ ነርሷ መጥታ አስወጣችኝ።

ሐሙስ ዕለት ስገባ ቀና ብላ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ ፋሻ፣ ከፋሻው መሃል አጭር ቱቦ፤ ጭኗ ላይ የተማሪ ደብተር። ስታየኝ እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ ግን እጇን ሳልይዝ፣ ቁሜ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ደንቡን ነገርኳት፣ ሁለቱን የተሰነጠቁ ሌንሶች፣ መዝገቡ ላይ የጻፍኩትን፣ አምስቱን ወር፣ ኮሪደሩ ላይ የሰማሁትን። አንዱንም አላስቀረሁም። አሁን ምንም ማለት እንደማትችል እያወቅሁ ነው የነገርኳት፤ እሱንም ነገርኳት።

ፊቷ ቀላ። አፏ ተከፈተ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ የአንገቷ ሥር ተገታተረ፤ በቱቦው በኩል ትንፋሽ ብቻ እፍ እፍ አለ። እንደገና ሞከረች። ከዚያ በመዳፏ የአልጋውን ብረት መታችው፣ ደግማ ደጋግማ፤ ነርሷ በር ላይ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች።

ሲደክማት ደብተሩን አነሳች። እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀደው ተጭና ጻፈችና ወደ እኔ አዞረችው።

"እሁድ ብትነግረኝ ኖሮ እጮህብህ ነበር።"