ድልድዩን ግን አልተሻገረም

የፊልም ኤዲተሯ ስህተቱን የሠራችው ከምሳ በፊት ነው፤ ያውም ጀማሪ እንኳ የማይሠራውን ስህተት። የሦስቱን ሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ አንዱን ከሌላው በታች ደርድራ ስታበቃ፣ የሁለቱን ድምፅ መዝጋት ነበረባት። ረሳችው። ማጫወቻውን ስትጫን ሦስቱም በአንዴ መናገር ጀመሩ።

በደንቡ መንጫጫት ነበረባቸው። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ፣ ሦስት ሰው በአንድ ላይ ሲያወራ ከጫጫታ ሌላ ነገር ሰምታ አታውቅም። እነዚህ ግን አልተንጫጩም።

«ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው» አሉ ሦስቱም። «ሳቅ እያለ ተነሳ። አሁን መጣሁ አለን።» እዚህች ላይ እኩል ተነፈሱ። «ድልድዩን ግን አልተሻገረም።»

አቆመችው። ወደኋላ መልሳ ደገመችው። ያው ነው፤ ትንፋሹም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

አገሩ ሦስቱን ዘፋኞች የሚያውቃቸው አውራጁ፣ ዋሽንቱና ከበሮው በሚል ነው፤ የወጣላቸውን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። አራተኛው አባቷ ነበር። እነዚህ አራት ሰዎች ያልዘፈኑበት ሠርግ ከሠርግ አይቆጠርም ነበር አሉ። እሷ አምስት ዓመቷ ላይ አባቷ ከድልድይ ወድቆ ውሃ ወሰደው፤ ቡድኑም በዚያው ፈረሰ። ይኸው ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ የፊታችን እሑድ ሦስቱ ተገናኝተው መድረክ ሊወጡ ነው። የመገናኘታቸው ዘጋቢ ፊልምም በዚያው ዕለት ይታያል። ፊልሙን እኔ ላቀናብረው ብላ የለመነችው ራሷ ናት። ከእናቷ ጋር ያሳደጓት እነሱ ናቸዋ። ትምህርት ቤት ያስመዘገባት ከበሮው ነው፤ ትኩሳት የያዛት ጊዜ አዝሏት ሐኪም ቤት የሮጠው ዋሽንቱ። አውራጁማ ዛሬም ድረስ ሳይደውልላት አይውልም።

ቃለ መጠይቆቹ የተቀረጹት በሦስት ቤት፣ በሦስት የተለያየ ቀን ነው። ለየብቻ ስታያቸው ሦስት ጊዜ አልቅሳለች። አሁን ግን እንባው የት እንደገባ እንጃ። ሰው የሆነበትን ሲያወራ ይንተባተባል፤ «ቆይ፣ ሐሙስ ነበር መሰለኝ» ይላል፤ የተናገረውን ያፈርሳል። እነዚህ ሰዎች ያወሩት የሆነባቸውን አልነበረም። የተለማመዱትን ነው ያሉት።

ዳይሬክተሩ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። «ይሄ የሰማሁት ምንድነው?»

«ስህተት ነው። ልዘጋው ነው።»

«እስቲ ድገሚው።» ደገመችለት። ጥሩ ሰው ነው፤ ያማረ ነገር ካየ ግን ከዚያ ወዲያ ምንም አይታየው። «እንዳትነኪው» አላት። «ስንት ዘመን አብረው ሳይዘፍኑ፣ ሲያወሩ እንኳ አይነጣጠሉም እኮ። የፊልሙ መክፈቻ ይሄ ነው። እሑድ አዳራሹ ሁሉ ይስማው።»

እሱ እንደወጣ ለአውራጁ ደወለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባቴ ሳቅ እያለ ከመነሳቱ በፊት ምን እያወራችሁ ነበር?»

«ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው» አለ አውራጁ። «ሳቅ እያለ…»

«እሱን ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት ነው ያልኩህ።»

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማት።

«እናትሽን ጠይቀሻታል?»

«እማዬ መቼ ነበረችና? እህቷ ዘንድ ሄዳ አልነበር እንዴ?»

«አዎ» አለ አውራጁ ቀስ ብሎ። «አልነበረችም።» ደህና ዋይም ሳይላት ስልኩን ዘጋው።

እንግዲህ የቀረቻት እናቷ ናት። ሦስቱ ከዋሿት እንኳ አንድ ሰው ከሷ ጋር የተታለለ መሆን አለበት፤ አንድ ሰው አብሯት መናደድ አለበት። ይህን ብቻ እያሰበች ላፕቶፑን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ እናቷ ቤት ሄደች።

እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትዘመዝማለች። ያለቀው ከግራዋ፣ ያላለቀው ከቀኝዋ ተቆልሏል። ድሮ የቡድኑን ግጥም የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ ከባሏ ሞት ወዲህ ግን እስክሪብቶ የምታነሳው የደንበኛ ልክ ለመጻፍ ብቻ ነው። ስለዚያች ዓርብ ስትጠየቅም መልሷ አንድ ነው፦ «እኔ አልነበርኩም፤ የነበሩትን ጠይቂ።» ለእሑዱ ስትጋበዝም ወገቤን ያመኛል፣ አልመጣም ብላለች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ስሚልኝ። ከዚያ እንደኔ የሚሰማሽ ከሆነ ንገሪኝ።»

«ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ። ስሚልኝ ብቻ።»

እናት እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አደረገች። ኤዲተሯ ላፕቶፑን ዩኒፎርሙ ላይ አስቀምጣ ከፈተችላት።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ብቅ አሉ። «ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው» አሉ። ኤዲተሯ የምታየው እናቷን ነበር። ቁጣዋን እየጠበቀች ነው፤ አረ ምን ጉድ ነው እስክትል። እናት አልተቆጣችም፣ አልደነገጠችምም። ሦስቱ በተነፈሱበት እሷም ተነፈሰች። «ድልድዩን ግን አልተሻገረም» ሲሉ ከንፈሯ ያለ ድምፅ አብሯቸው ተንቀሳቀሰ።

ኤዲተሯ ጠዋት ያቆመችው እዚህ ላይ ነበር። አሁን ግን ሳታቆመው ቀረጻው ቀጠለ።

«ያገኘነው በማግስቱ ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ውሃው ዳር…» ቀጥሎ ሁለቱ «ሸምበቆው ውስጥ» ሲሉ ከበሮው ብቻውን «ሣሩ ውስጥ» አለ።

እናት ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«ሸምበቆው ነው» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ይሄ ሰውዬ አንድም ቀን የጻፍኩትን ቃል በቃል ይዞልኝ አያውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ጨረሱ። ከዚያ እናት መነጽሯን አወለቀች፤ ምን እንዳለች ገና አሁን ገባት። ኤዲተሯ የዩኒፎርሙን ቁልል ይዛ ቆመች። እናቷን ፈራቻት። በዕድሜዋ እናቷን ስትፈራ የመጀመሪያዋ ነበር።

«በሩን ዝጊውና ቁጭ በይ» አለች እናት።

ኤዲተሯ እስከ በሩ ሄደች። ከውስጥ ትዝጋው ከውጭ አልለየላትም።