የጨው ብድር

ኮሌጅ ጨውዋን ከማስቀመጫው ወደ ባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ እየገለበጠች ነበር። ስትጨርስ ቆርቆሮውን ከመጽሐፎቿ ኋላ ሸጎጠችው፤ ጨው ሊበደር የሚወጣ ሰው የራሱን ጨው እያየ መውጣት ለህሊናው አይመችም።

ኮሌጅ ያሏት የግቢው ተከራዮች ናቸው። ኮሌጅ ልትማር ከመጣች መንፈቅ አልፏታል። እናቷ ስትሸኛት "ሰው እንዳታስቸግሪ" ብላ አደራ ጥላባት ነበርና፣ አንድም ሰው ሳታስቸግር ከረመች። ልብስ ሰፊዋ ሾርባ ብትልክላት፣ ሾርባው ከሆዷ ሳይረጋ ሳህኑን አጥባ፣ ምስጋና በምስጋና ላይ ደርባ ትመልሳለች። ሰላምታዋም ለሥራ ቅጥር የቀረበች ያስመስላታል።

ትናንት አመሻሽ ላይ ጎረቤቶቿ በረንዳ ላይ ሲሳሳቁ አንዷ ኮሌጅንም እንጥራት ወይ ብላ ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ መለሰች፦ "ተያት፣ እኛን ምን ታደርገናለች።" ኮሌጅ ይህን በመስኮት ሰማች።

ስለዚህ ዛሬ ባዶ ስኒ ይዛ፣ የምትለውን እንደ ቃል ፈተና በልቧ እየደጋገመች፣ ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆመች። ጥቂት ጨው ብታገኝ ነገውኑ እንደምትመልስ ተናገረች።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

"ትናንት በር ላይ ስንገናኝ በፌስታል የያዝሽው ምን ነበር?"

"ጨው፣ እትዬ።" ውሸት አልለመደችም።

"ያን ሁሉ ምን አደረግሽው፣ ታጠብሽበት?"

የልጅቷ ጆሮ ጋለ። እግሯ ወደ ኋላ ሊመልሳት ሲል አፏ ቀደመው።

"ጨው እንኳ አለኝ። የምጠይቅዎት ነገር አጥቼ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በክንዷ ጠረግ አድርጋ፣ "እኛ ደግሞ ንቃናለች እያልን ስናማሽ ከረምን" አለች። ከጎኗ አንድ ሱሪ አንስታም ወረወረችላት።

"ነይ ግቢ። የዚህን ጠርዝ ተርትሪልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል። ጨርቁን ብትቀጂው ግን ወዮልሽ።"

በዚያ ግቢ ወዮልሽ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ኮሌጅ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መተርተር ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጎረቤት ብቅ አለች፤ የጨውም ነገር እዚያው በኮሌጅ ፊት ተወራ። አንዱ ኪሎ ጨው በወሬው ሁለት ሆነ። ኮሌጅ አላረመችም፤ እንዲያውም ቆርቆሮውን የት እንደደበቀችው ራሷ ነገረቻቸውና ሳቁን እንደገና አስነሳችው።

የመጨረሻውን ክር መዘዘች። ሱሪውን አራግፋ አጠፈችና ከሌሎቹ ልብሶች ላይ አስቀመጠችው።