የእናት ሥራ

አቶ ኃይለመስቀል ከጎባው ትምህርት ቤት ጦርነት እንዳሸነፈ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ተመለሱ። አስተማሪዋ ወይዘሪት ጤቤ ለስድስተኛ ክፍል ልጃገረዶች ስለ ወር አበባ ላስተምር ብትል፣ «ይህ የእናት ሥራ ነው፤ ለልጄ ቤት ይነገራታል» ብለው ልጃቸውን ፈለቀችን ከትምህርቱ አስቀርተዋታል።

«እንግዲህ ንገሪያት» አሏት ሚስታቸውን እኅተማርያምን፣ ፋኖሱን እያዩ።

እኅተማርያም የምታውቀው የራሷ እናት የነገረቻትን ብቻ ነበር። ያኔ ደሙን ስታይ የምትሞት መስሏት በረት ውስጥ ተኝታ መልአከ ሞትን ስትጠብቅ፣ እናቷ መጥታ «ጨርቅ ያዢ፤ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገቢ» አለቻትና ላሟን ማለብ ጀመረች።

ፈለቀችን ጠርታ ይህንኑ ነገረቻት።

«ለምን? ምን ሆኜ ነው?» አለች ልጅቷ ፈርታ።

ለእናት ልጇ እንደ እሷ በረት ውስጥ ተኝታ ታየቻት።

አቶ ኃይለመስቀል የከለከሉት ልጅቷን እንጂ እሷን አይደለም። በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ ጤቤ ወደምታስተምርበት ክፍል ገባች።

«እመዬ፣ የወላጆች ስብሰባ እኮ ትናንት ነበር» አለች ጤቤ።

«ለትምህርት ነው የመጣሁት» አለችና ከልጆቹ መሀል ተቀመጠች። እጇን እያወጣችም ጠየቀች።

ቤት ስትመለስ ፈለቀችን ጓሮ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት። «አልታመምሽም» ብላ ጨረሰች።

ራት ላይ አቶ ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚስትህ ክፍል ገባች ይሉኛል! ቤት ይነገራታል ብዬ አልነበር?»

«ቤት ነው የነገርኳት።»

አንድ ጉርሻ ጎረሱና፣ «ለመሆኑ ምን አሏችሁ?» አሉ።

እኅተማርያም ወጥ ጨመረችላቸው። «የእናት ሥራ ነው ብለው የለ? እርስዎን ምን አገባዎት?»