እድር የሆነው ቡድን

የፋብሪካው ኳስ ቡድን ከፈረሰ ወዲህ ተጫዋቾቹን የሚያገናኛቸው እድራቸው ብቻ ነው። ማልያቸውን የሚለብሱትም ከመካከላቸው አንዱን ሲቀብሩ ነው። በረኛው ደምሴ ግን ያንን ማልያ ዳግም አንዴ እንኳን ለኳስ ሳይለብሰው መሞት አልፈለገም።

ደምሴ ሩሲያ ተምሮ የመጣ ጡረተኛ መሐንዲስ ነው። ሰሞኑን ልጁ ቅድስት ከኢንተርኔት ያወረደችለትን አዲስ የሩሲያ ልብ ወለድ ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ለሚሰበሰበው እድር ማንበብ ጀመረ። ታሪኩ ፋብሪካዋ ስለተዘጋባት አንዲት የገጠር ከተማ ነው። የቀድሞ ኳስ ተጫዋቾቿ ሜዳው ዳር ተቀምጠው ድሮ ያገቡትን ጎል ሲያወሩ ይውላሉ። በረዶው ጉልበታቸው ድረስ ይሞላል፤ እነሱ አይነሱም። ሀዋሳ ውስጥ ጉልበት የሚደርስ በረዶ ያየ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ግን አለቀሱ። አጥቂው አምሳሉ ይሄማ የኛው ታሪክ ነው አለ። በሚቀጥለው ስብሰባም ድገምልን አሉት፣ ከዚያም በኋላ። ለቅሶው ጣማቸው!

ደምሴ በሸቀ። ያነበበላቸው እንዲነሱ ነበር፤ እነሱ ጭራሽ ከሩሲያዎቹ ጎን ተደረደሩ። እስካሁን ያላነበበላቸውን የመጨረሻ ገጽ አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ካልተጫወታችሁ አላነበውም ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። አንዱ ስኳሩን፣ ሌላው ደም ግፊቱን አነሳ። አምሳሉ ጉልበቱን ገልጦ አሳየ። ደምሴ ፍንክች አላለም። ከዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ቡድን ጋር ተነጋግሮ ለእሁድ ጠዋት ቡሹሎ ሜዳ ላይ ቀጠሮ ያዘ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ማልያ ለብሰው ሲወጡ፣ ሰፈሩ ማን ሞተ እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተከተላቸው። ጎረቤታቸው እትዬ እህተማርያም መንገድ ላይ ማልቀስ ጀምረው ነበር። ሜዳ ደርሰው ኳሷን ሲያዩ ተቆጡ፤ ሟች ሳይኖር አስለቅሳችሁኝ ብለው ደምሴን ረገሙት። ቢሆንም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ጨዋታው ሲጋጋል አጥቂውን ሩጥ እንጂ እያሉ የሚጮኹት እሳቸው ሆኑ።

በስንት እንደተሸነፉ ባይነሳ ይሻላል። አምሳሉ አንዴ ሞክሮ የግቡን ብረት መታ፤ ለዚያች አንዲት ምት ሕዝቡ በጭብጨባ ተነሳ። ጨዋታው ሲያልቅ አምሳሉ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ደምሴን ጠራው።

"እሺ፣ ተጫወትን። ሩሲያዎቹ መጨረሻ ላይ ተነሱ?"

"አልተነሱም" አለው ደምሴ። "እንደተቀመጡ ቀሩ።"

አምሳሉ ከሣሩ ላይ ቀና አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋለት።

"በል እኔን አስነሳኝ። የሚቀጥለው እሁድ ከማን ጋር ነው?"