የተጣበቀው ሦስተኛ ቁልፍ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ገብቶ አልወጣም። መጀመሪያ የጭፈራ አዳራሹ ጣሪያ አፈሰሰ፤ ቀጥሎ ወለሉ በሰበሰ፤ በመጨረሻ አዳራሹ ተዘጋ። ጨፋሪ ከሌለ ሙዚቀኛም የለም። ከበሮ መቺው ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ቫዮሊኑ ተሸጠ። ትልቁ ባስ ጥሩምባ ግን ገዢ አላገኘም። እርጥበት ገብቶበት ሦስተኛው ቁልፉ ዝጎ ተጣብቋል። ዘይት ተቀባ፣ እሳት ዳር ተቀመጠ፣ ተለመነ፣ ተሰደበ። አልተላቀቀም።

ሸምበቆ ትልቁን ዜማውን የደረሰው በዚያ ክረምት ነው። ክላርኔት ነፊ ነበር። ሸምበቆ ያሉት ቁመት ሰጥቶ ሥጋ ስለነፈገው ነው፤ መሣሪያውን ይዞ ሲቆም የትኛው የትኛውን እንደሚነፋ አይለይም እያሉ ይስቁበት ነበር። ዜማው በጭንቅላቱ ውስጥ ተጠናቋል። የሚጽፍበት ወረቀት ግን የለውም። ወረቀት የነበረው ቀለሜ ነው።

ቀለሜ ኖታ ገልባጭ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ጎበዝ ተማሪ ስለነበረ አይደለም፤ ትምህርት ቤትን በአጥሩ በኩል ነው የሚያውቀው። ጣቶቹ እስከ አንጓቸው በቀለም የጠቆሩ ነበሩ። አንድ ገጽ ጽፎ ሲጨርስ ጣቱን በምላሱ ያረጥብና የመጨረሻዋን ኖታ ይነካታል። ቀለሙ ከተዝረከረከ ገና ነው። ካልተዝረከረከ፣ «በቃ፤ ውሰድ» ይላል።

ሸምበቆ ከእሱ ወረቀት ወስዶ ጻፈ፤ ቀለሜም ዜማውን ለእያንዳንዱ ተጫዋች ድርሻ ድርሻውን ገለበጠለት። ዋጋ አልጠየቀም፤ ቢጠይቅም የሚከፍለው አልነበረም። ልምምዱ በአንድ አናጢ ቤት ሆነ። በፍቅፋቂ ክምር መካከል ቆመው ጀመሩ። ትንሽ እንደሄዱ ባሱ ያልታሰበ ነገር ተጫወተ። ሸምበቆ የጻፈው ረጋ ብሎ የሚራመድ ባስ ነበር። ይሄኛው ወንዝ በድንጋይ ላይ እየዘለለ እንደሚሻገር ሰው ነው፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች።

ሸምበቆ ክላርኔቱን ከአፉ አወረደ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ጥሩምባው» አለ ቀለሜ።

«አትቀልድ።»

«ምን እቀልዳለሁ? ሦስተኛው ቁልፍ አይሠራም። አንተ የጻፍከው ግማሹ በሦስተኛው ቁልፍ ነው። ሰውዬው በአፍንጫው ይንፋው? እኔ ቁልፉን ሳይነካ በሚያልፍበት በኩል አሳለፍኩት።»

ሸምበቆ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። «እስቲ ድገሙት» አለ።

ደገሙት። አናጢው መጋዙን አስቀምጦ አዳመጠ። እሱ ደግሞ ሙዚቃ ሲሰማ ጥርሱን የሚያመው ሰው ነበር።

ያን ቀን ሲወጡ ሸምበቆ በር ላይ ቀለሜን ያዘው። «ዜማውን ሰው ያደረገው የአንተ ባስ ነው። አንድ ቀን ሲታተም ስምህ ከስሜ ጎን ይወጣል።»

«ባለ ዕዳዬ ሆንክ በለኛ።»

«ሆንኩ።»

ዝናቡ ሲያቆም ሁሉም እንጀራው ወዳለበት ተበተነ። ቀለሜም ሄደ፤ የት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ። ዓመታት አለፉና ዜማውን የሚያሳትም ሰው መጣ። ሸምበቆ ሁለት ስም ይውጣ አለ። አሳታሚው ሁለተኛው ሰው መጥቶ ካልፈረመ አይሆንም አለ። ሸምበቆ አፈላለገ፣ አስፈለገ፣ አጣው። ኖታው በአንድ ስም ታተመ። ሰዎች ወደዱት። ሸምበቆ ግን የታተመውን አንድ ቀን እንኳ ግድግዳው ላይ አልሰቀለውም፤ ከአልጋው ሥር በሣጥን ኖረ።

አሁን ሸምበቆ አርጅቷል። ትንፋሹ ለክላርኔት አይበቃም። አሳታሚው ከዘጋ ቆየ፤ ውሉም አብቅቶ መብቱ ወደ እሱ ተመልሷል። ሣጥን ውስጥ ያለው ወረቀት እንደ ደረቀ ቅጠል ሲነኩት ይፈረፈራል። ከእሱ በኋላ ዜማውን የሚያገኘው አይኖርም። ይህን ነው የሚፈራው፤ ሞቱን እንኳ እንደዚህ አይፈራም።

ልጁ የሙዚቃ መምህርት ናት። «አባዬ፣ ድረ ገጽ ላይ እናውጣው። የትም ያለ ባንድ አግኝቶ ይጫወተዋል» አለችው። ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ዳር ተቀምጣ ኖታውን በኮምፒውተር ጻፈችው። ጨርሳም አሰማችው።

ሸምበቆ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የአዳራሹ ሻማ መሰል አምፖሎች ታዩት። የእርጥብ ካፖርት ሽታ መጣበት። ባሱ ሲገባ ግን ዓይኑን ገለጠ።

«ባሱን ምን አደረግሽው?»

«እ… እሱማ የሕትመት ስህተት መስሎኝ አቃናሁት። ያለ ምክንያት ይዘላል እኮ።»

«ምክንያትማ አለው። ዝገት ነው።»

ታሪኩን ነገራት። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ሲያበቃ ባሱን ወደ ነበረበት መለሰችው። ከዚያ ድረ ገጹ ጠየቀ፦ ሥራው በሙሉ የእርስዎ ነው? የሌላ ሰው ድርሻ ካለበት ፈቃዱን አግኝተዋል?

ልጁ ቀና ብላ አየችው። «እንዳልከኝ ከሆነ ጋሼ ቀለሜ አቀናባሪው ናቸው። የእሳቸውም መብት አለበት።» ቀጥላ ደግሞ፣ «ሁሉም የእኛ ነው ብንል ማን ያውቃል?» አለች፤ ልትፈትነው ይሁን ደክሟት አልታወቀም።

«ጥሩምባው ያውቃል። ዝጊው።»

ቀለሜ በሕይወት ካለ ለማግኘት ልጁ የድሮ ሙዚቀኞችን፣ ከዚያ የሙዚቀኞችን ልጆች ስልክ አዳረሰች። ያን ጊዜ አገር ቢታሰስ የጠፋው ሰው፣ በከበሮ መቺው የልጅ ልጅ በኩል ተገኘ። የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነበር፤ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል።

በሩን የከፈተው ራሱ ነው። በከዘራ ቆሟል። ሸምበቆ መጀመሪያ ያየው ጣቶቹን ነው። ንጹሕ ነበሩ። ከከዘራው ይልቅ የጣቶቹ መንጻት አንጀቱን በላው።

«አልሞትክም እንዴ አንተ?» አለ ቀለሜ።

«ታላቅ ይቅደም ብዬ ነው።»

«ወፍረሃል።»

«ልብሱ ነው።»

«እኔም ልብሱ ነው ልል ነበር። ግቡ። ይቺ ልጅህ ናት? እናቷን መምሰሏ ተመስገን ነው።»

ተቀመጡ። ልጁ የመጡበትን አስረዳች። ቀለሜ ሁለት ጊዜ አስደገማት።

«እና ማንም ተነሥቶ ይወስደዋል?»

«ይወስደዋል ጋሼ። ፈቃዱን የምትወስኑት ግን እናንተ ባለቤቶቹ ናችሁ። መገልበጥና መጫወት ይቻላል? መሸጥስ? መለወጥስ?»

ሸምበቆ መንገድ ላይ አስቦበት ነበር። «ይገልብጡ፣ ይጫወቱ። ሳይጠይቁን መሸጥ የለም። መለወጥ ደግሞ ጭራሽ! አንዲት ኖታ አይነኩብኝም።»

ቀለሜ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ልጁ ውኃ ሰጠችው።

«አንተ ሰው፣ ያን ክረምት እኔ ምን ነበር ያደረግሁት?»

«ለወጥክ።»

«ፈቅደህልኝ ነበር?»

«ጠየቅኸኝና!»

«እኮ! በእኔ ለውጥ ዜማህ ሰው ሆነ፤ አሁን ነገ የሚለውጠውን ልትከለክል ነው። የተሻገርክበትን ድንጋይ ልትለቅመው?» ከዘራውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረገው። «ይሄኔ የሆነ ቦታ አንዱ ቁልፉ ተጣብቆበት ይሆናል። በምን ይለፍ?»

ለሸምበቆ ዜማው ልጁ ማለት ነው፤ ልጅን ደግሞ ማንም እንደፈለገ አልብሶ ሲወስደው ማየት ከባድ ነው። ከደጅ የጫማ ሰፊው መዶሻ ይሰማል። ቀስ በቀስ ጆሮው ከመዶሻው ሥር ያን ባስ አመጣለት፤ በድንጋይ ላይ እየዘለለ።

«ይለውጡ» አለ። «ግን መለወጣቸውን ይናገሩ። ስማችንንም አይፋቁት።»

«ስማችንን?»

«ስማችንን።»

ልጁ ኮምፒውተሯን ከፈተች። «አቀናባሪ» በሚለው ቦታ ላይ ጣቷን አቁማ፣ «ጋሼ፣ ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» አለች።

ቀለሜ ጉሮሮውን ጠርጎ ሙሉ ስሙን ተናገረ። ሸምበቆ የቀለሜን አባት ስም ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ያን ክረምት ሙሉ አብረው በአንድ ጃንጥላ ሄደው አልጠየቀውም።

ዜማው በድረ ገጹ ወጣ። ልጁ መንገድ ተሻግራ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደችና የመጀመሪያውን ገጽ አትማ መጣች። ገና ትኩስ ነበር። ሸምበቆ ተቀብሎ ለቀለሜ ሰጠው። ከላይ የዜማው ርዕስ፤ ከሥሩ ሁለቱ ስሞች፣ እኩል ጎን ለጎን።

ቀለሜ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አተኩሮ አየው። ከዚያ ጣቱን በምላሱ አረጠበና የራሱን ስም ነካው። አልተዝረከረከም።

«በቃ፤ ውሰድ» አለ።

«አልወስድም» አለ ሸምበቆ። «የአንተ ነው።»