ዘጠኝ ዓመት የተቆለፈው ክፍል

ባ ቺሻ በማዕድን ከተማችን ስታዲየም ሃያ ሦስት ዓመት ሣር ሲያሳድጉ የኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ሚስታቸው «ከኔ ፀጉር ይልቅ የሜዳውን ሣር ያበጥራል» ቢሉ ሐሰት የለበትም።

ዘንድሮ ክለባችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአህጉሩ ዋንጫ አለፈ። ባ ቺሻ የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ የመጀመሪያው ጨዋታ በሳቸው ሣር ላይ እንዲደረግ። ለዚህ ደግሞ የአህጉሩ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መርማሪ ሜዳውን አይታ መፍቀድ ነበረባት።

መጣች። ሜትሯን ዘርግታ ለካች፤ ተንበርክካ ሣሩን ዳሰሰችና «እንዲህ ያለ በትልልቅ ከተሞችም አላየሁ» አለች። ባ ቺሻ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፉ።

«የባለሜዳው ልብስ መቀየሪያ ክፍልስ?»

አሰልጣኛችን ካፓምባ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኛ እንኳ አውቶቡስ ውስጥ ነው የምንለብሰው» አለ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በገዛ ሜዳችን አምስት ጎል ሲገባብን፣ ካፓምባ «ክፍሉ ውስጥ የጠንቋይ መድኃኒት ተቀብሮብናል» ብሎ ቆለፈው፤ ቁልፉንም ካፉዌ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ያኔ ያጨበጨብነው እኛው ነን። እኔም አለሁበት።

ጓጉንቸሩ በመጋዝ ተቆረጠ። ጣሪያው ወርዷል፤ ቧንቧው ዝጓል፤ የሌሊት ወፍ ኩሱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል።

መርማሪዋ ጻፈች። «ለጨዋታው አሥር ቀን ነው የቀረው፤ ይኼ አይደርስም። ድንበር ተሻግራችሁ ሉቡምባሺ ትጫወታላችሁ።»

ባ ቺሻ ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ፈጠፈጡት። «ካፓምባ! እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ሳጎነብስ አንተ አንድ በር መክፈት አቃተህ?»

«ኧረ ባታታ፣ ኧረ አባቴ፣ ለቡድኑ ብዬ እኮ ነው...»

«ባታታ አትበለኝ! መድኃኒቱ አንተ ነህ! አንተ ነህ የተቀበርክብን!» ወደኛ ዞሩ። «እናንተስ፣ ጎረቤት ተብዬዎች? አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ‹ኧረ ይከፈት› የሚል ይጠፋ?»



በጨዋታው ቀን አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ካፓምባ በመስኮት ብቅ አለ። «ይግቡ ባታታ፣ የፊቱን ወንበር ይዤልዎታለሁ።»

«ሣሬን እንደ ምንጣፍ ጠቅልዬ ልከተልህ?»

ቀሩ። እኔ ሄድኩ። እዚያ ደንብ ነው ተብሎ ልጆቻችን የሰው አገር ክፍል ገብተው እንደ በግ ጸጥ ብለው ለበሱ። አንድም የታመመ የለም። እንዲያውም አንድ ለባዶ አሸነፍን።

ስንመለስ ለባ ቺሻ ልነግራቸው ሮጬ በራቸውን አንኳኳሁ። ውጤቱን አልጠየቁኝም።

«የማንን ሣር ረገጣችሁ?» አሉና በሩን ዘጉብኝ።