የፈረንጁ ተጎታች ቤት

ፈረንጁ የዓሣ ባለሙያ ከአዋሳ ለሁለት ዓመት ሲሄድ፣ በመኪና የሚጎተት ቤቱን ታቦር ዳገት ላይ ካለው ግቢያችን አቁሞ «አደራ» አለን። እኔ የአይጥ መግቢያውን ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩ። ባሌ ግዛቸው ደግሞ ጎማዎቹ እንዳይበላሹ ብሎ ነቀላቸውና ቤቱን ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

በማግስቱ ከታቻችን የሚኖሩት የቀበሌው ሊቀመንበር መጡ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሁለተኛ ቤት አላችሁ። ትርፍ ቤት ደግሞ ይወረሳል።»

«ኧረ ጓድ፣ ይሄ እኮ ተጎታች ነው!»

«ታዲያ ጎማው የታለ?»

ባሌን ገላመጥኩት። ሮጦ ጎማዎቹን አመጣና ገጠማቸው፤ ድንጋዩንም አነሳ።

«እስቲ ሲሄድ ልየው» አሉ ሊቀመንበሩ።

ተጎታቹን በንዴት ገፋሁት። ቤቱ ቁልቁለቱን ተንደርድሮ ወረደና በተከፈተው በር እሳቸው ግቢ ገብቶ ቆመ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አልኳቸው፣ «አሁን ትርፍ ቤት ያለው ማን ነው?»